ደወሉ መጀመሪያ የቀሰቀሰው እኔን ነበር

ግቢ ቤት ስንኖር ፍራሽ ማስጣት ሥራ ነበር እንጂ ወሬ አልነበረም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ከገባን በኋላ ግን በረንዳዬ ለብሎኩ ሁሉ ቴሌቪዥን ሆነ። ጠዋት ጠዋት ፍራሹን ብረቱ ላይ ሳስደግፍ ከታች የሚያልፉ ሴቶች ቀና ብለው ያዩና ወዲያው አንገታቸውን ይደፋሉ። ማየታቸው ሳይሆን አይተው እንዳላዩ መሆናቸው ነበር የሚያበሽቀኝ።

ልጄ ያኔ 8 ዓመቱ ነበር፤ ሁለተኛ ክፍል። በሳምንት 5 ወይም 6 ሌሊት አልጋው ላይ ይሸናል። አሁን 10 ዓመት ሞልቶታል፤ ነገሩንም ረስቶታል ማለት ይቻላል። ይህን እንድጽፍ ፈቅዶልኛል፣ ስሙን እንዳልጠራ ግን አስምሎኛል። ስለዚህ እዚህ አቡሽ ነው።

ከስህተቶቼ ልጀምር፤ ብዙ ናቸው።

ስንፍና ይመስለኝ ነበር። ታናሽ እህቱ 3 ዓመት ሳይሞላት ነው ማታ መሽናት ያቆመችው። እና እኔ ጠዋት አንሶላ እየገፈፍኩ «እሷ እንኳን...» እላለሁ። አልጨርሰውም፤ መጨረስም አያስፈልገውም። አቡሽ ይህን ጊዜ አጎንብሶ ጫማውን ያስራል። ይፈታውና እንደገና ያስረዋል።

ውሃም ከለከልኩት። ከ11 ሰዓት በኋላ ለእሱ ውሃ የለም። ልጁ ደግሞ የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ስለሚያስጠላው ቀኑን ሙሉ ሳይጠጣ፣ ሽንቱንም ይዞ ነው የሚውለው። ቤት የሚገባው በጥም ተቃጥሎ ነው። እኔ በጥሙ አስተኛዋለሁ። እሱ በጥሙም ይሸናል።

ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ማንሳትም ነበር። አባቱ ታቅፎ ሽንት ቤት ያቆመዋል፤ ዓይኑን ሳይገልጥ ይሸናል፤ ተመልሶ ይተኛል። ጠዋት ብትጠይቁት መነሳቱን አያውቅም። አንዳንድ ቀን ፍራሹ ስለሚተርፍ ለውጥ ያገኘን ይመስለን ነበር። ያዳንነው ግን ፍራሹን ነው፤ ልጁ ፊኛው ሲሞላ መንቃትን አልተማረበትም።

አንድ ማታ ለትልቅ ልጅ የሚሆን ፓምፐርስ ገዝቼ አሳየሁት። ምንም አላለም። ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በማግስቱ ዕቃውን ለሱቁ መለስኩ። ለሌላ ልጅ እፎይታ ሊሆን ይችላል፤ የእኔ ልጅ ግን መዋረድ ነው የመሰለው።

አማቴ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት። ደውዬ ሳማክራቸው «በእሳት ይጫወታል እንዴ? በእሳት የተጫወተ ልጅ ማታ ይሸናል» አሉኝ። አራተኛ ፎቅ፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ቤት፣ እሳቱን ከየት አምጥቶ! ጠበልም ወስጄዋለሁ። በጠበሉ አልቆጭም። የምቆጨው ስንመለስ ታክሲ ውስጥ «ከዛሬ በኋላ ብትሸና እግዜርን ነው የምታሳዝነው» ማለቴ ነው። ያን ሌሊት ሸና። ጠዋት ያለቀሰው አለቃቀስ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

ነገሩን የገለበጠው አንድ የነሐሴ ሌሊት ነው። ዝናቡ ቀሰቀሰኝና መስኮት ልዘጋ ወደ ልጆቹ ክፍል ገባሁ። አቡሽ አልጋው ላይ የለም። ወለሉ ላይ፣ ሴራሚኩ ላይ፣ ከወጥ ቤት ያመጣትን ባዶ የጤፍ ማዳበሪያ አንጥፎ ኩርምት ብሎ ተኝቷል። ቀስቅሼ «ምን ሆነህ ነው?» ስለው፣ «ክረምት ነው፤ ፍራሹ አይደርቅልሽም ብዬ» አለኝ።

አይደርቅልሽም። ለእኔ አዝኖ ነው መሬት የተኛው።

አልጋው ላይ መልሼ አስተኛሁትና ሳሎን ገብቼ አለቀስኩ። ባለቤቴ ተነስቶ መጣ። ትንሽ ተቀመጠና በትዳራችን አንድም ቀን ያላነሳውን ነገረኝ። እሱም እስከ 11 ዓመቱ ይሸና ነበር። ወንድሞቹ አልጋ ላይ ሲተኙ እሱን በዚያ ብርድ መሬት ላይ፣ አጎዛ ላይ ለብቻው ያስተኙታል። ጠዋት አጎዛውን ከጓሮ የሚያሰጣው ራሱ ነው። እናቱ፣ እሳት ያሉኝ እናቱ፣ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ግን ገመና ነው፤ የልጅ ገመና ደግሞ ለምራት አይነገርም።

ተናደድኩበት። «ይህን ሁሉ ጊዜ እኔ ልጁን ስቆጣው አንተ ዝም አልክ?» አልኩት። «እስካሁን ስለማፍር ነው» አለኝ። ከዚያ በኋላ ምን እለዋለሁ?

በማግስቱ ለአቡሽ ራሱ ነገረው። በሩ ሥር ቆሜ ሰማሁ። «አንተ?» «አዎ እኔ።» «ትልቅ ሆነህ?» «አምስተኛ ክፍል ሆኜ።» አቡሽ ከት ብሎ ሳቀ። በዚህ ጉዳይ ሲስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እናንተ ቤትም እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው አባት፣ አክስት ወይም አጎት ካለ፣ ከማንኛውም ዕቃና መድኃኒት በፊት እሱን አስወሩት።

ሐኪም ጋ ያልሄድኩ እንዳይመስላችሁ። ቀደም ብዬ አንድ ክሊኒክ ወስጄው ነበር። «ሲያድግ ይተወዋል» ተብዬ ካርድ ያወጣሁበትን ጊዜ ያህል እንኳን ሳልቆይ ወጣሁ። እውነት ነው፣ አብዛኛው ልጅ ሲያድግ ይተወዋል። ግን እስኪያድግ ድረስ በየጠዋቱ የሚያፍረውን ማን ይቁጠርለት? መስከረም ላይ ሌላ የሕፃናት ሐኪም አገኘሁ። ይቺኛዋ ጠያቂ ናት። ቀን ቀንስ ያመልጠዋል? ሲሸና ያመዋል? ከዚህ በፊት ግማሽ ዓመት ያህል ሳይሸና አድሮ ያውቃል? ውሃ አብዝቶ ይጠጣል? ከስቷል? ተኝቶ ያንኮራፋል? በስንት ቀኑ ነው ሰገራ የሚወጣው?

እነዚህን ጥያቄዎች እናንተም ከመሄዳችሁ በፊት አስቡባቸው። ለወራት ማታ ሳይሸና የቆየ ልጅ በድንገት ከጀመረ፣ ወይም ውሃ ውሃ እያለ የሚከሳ ከሆነ፣ ስኳር ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን አስመርምሩት። ሲሸና የሚያቃጥለው ከሆነ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። የእኛ የሽንት ምርመራ ደህና ነበር። የተያዝነው ሰገራው ላይ ነው። አቡሽ በ4 ቀን አንዴ ነው የሚወጣው፤ እኔ ደግሞ ቆጥሬው አላውቅም። ለካ አንጀት በደረቅ ሰገራ ሲሞላ አጠገቡ ያለውን ፊኛ ይጫነዋል። ስለዚህ መጀመሪያ የታከመው የሆድ ድርቀቱ ነው፦ ያዘዘችለት መድኃኒት፣ ፓፓያ፣ ብዙ ውሃ፣ ከምግብ በኋላ ሽንት ቤት መቀመጥ። ጥቅምት ሲያልቅ ከ6 ሌሊት ወደ 4 ወረደ። ገና ሌላ ምንም ሳንጀምር ማለት ነው።

በወጉ ያስረዳችኝም እሷ ናት። ማታ የሚሸና ልጅ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ወይም ሁለቱ አለበት፦ ፊኛው ሲሞላ የማይቀሰቅሰው ከባድ እንቅልፍ፣ ብዙ የማይዝ ፊኛ፣ ሌሊት ሽንት እንዲቀንስ የሚያደርገው ሆርሞን ማነስ። አንዱም ስንፍና አይደለም። በ7 ዓመታቸው ከ100 ልጆች 10 ያህሉ፣ በ10 ዓመታቸው 5 ያህሉ አልፎ አልፎም ቢሆን ይሸናሉ። 50 ልጅ ባለበት ክፍል አቡሽ ብቻውን አልነበረም፤ ሁሉም ብቻውን የሆነ እየመሰለው ነው እንጂ። ወላጅ ከነበረበት ደግሞ ልጁም የመሸናት ዕድሉ ከፍ ይላል። አንዱ ወላጅ ከነበረ ከ100 ልጅ ወደ 44፣ ሁለቱም ከነበሩ ወደ 77። ይህን ስትናገር ባለቤቴ ጣሪያ ጣሪያ ያይ ነበር።

ቅዳሜ ቤት ስንውል ሽንቱን በሚለካ ጆግ ለኩት አለችን። በዚህ ዕድሜ ፊኛ ወደ 270 ሚሊ ሊትር ይይዛል ተብሎ ይጠበቃል፤ ከአንድ ጠርሙስ ለስላሳ ትንሽ ያነሰ ነው። የአቡሽ ትልቁ 180 ሆነ። የውሃ ክልከላዬንም ገለበጠችው። ጠዋት ብዙ፣ ከሰዓት ብዙ፣ ማታ ጥቂት፤ ሻይና ኮካ ማታ ማታ ጭራሽ አይቅመስ አለች። ትምህርት ቤት የሚይዘውን ኮዳ በትልቅ ቀየርነው። ለመምህሯም ሽንት ቤት ሲጠይቅ እንዳትከለክለው ብቻ ነገርኳት፤ ሌላውን አላወራሁም።

ከዚያ ስለ ደወሉ ነገረችኝ። እኔ አዲስ ቴክኖሎጂ መስሎኝ ነበር። ለካ ከ100 ዓመት በላይ የሆነው ነው። በ1904 እ.ኤ.አ. ፋውንድለር የሚባል የሕፃናት ሐኪም በኦስትሪያዋ ግራትስ ከተማ አልጋው ሲረጥብ የሚጮህ ደወል ሠራ። የሠራው ለልጆቹ አልነበረም። ነርሶቹ ሰምተው ቶሎ አንሶላ እንዲቀይሩ ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ልጆቹ መሽናት እያቆሙ ሄዱ።

እዚህ ፈልጌ ስላጣሁ ሜሪላንድ ያለችው እህቴ ገዝታ በሰው ላከችልኝ። ያኔ ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ፓንቱ ላይ የምትቆነጠጥ ትንሽ መቆንጠጫ አለች፤ ከእሷ የሚነሳ ሽቦ በካናቴራው ሥር አልፎ ትከሻው ላይ ካለች ክብሪት ከምታክል ሳጥን ይገናኛል። ጠብታ ሽንት ሲነካት ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል። በድንጋይ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም። ልብስ የማይነካ፣ አንሶላ ሥር የሚነጠፍ ዓይነትም አለ።

ታኅሣሥ ላይ ጀመርን። የመጀመሪያው ሌሊት፣ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ጮኸ። ጉድ ፈላ! እኔ ዘልዬ ተነሳሁ። ባለቤቴ የመኪና አላርም መስሎት ወደ መስኮት ሮጠ። ትንሿ ማልቀስ ጀመረች። ጎረቤቴ ግድግዳውን ደበደበች። ደወሉን ትከሻው ላይ የተሸከመው አቡሽ ግን ጭልጥ ብሎ ተኝቷል። ሮጬ አጠፋሁት፣ ልብሱን ቀየርኩለት፣ አንሶላውን ለወጥኩ። በማግስቱም እንዲሁ። 11 ሌሊት እንዲሁ። የገና እንግዳ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩትና ለእህቴ «አይሠራም» ብዬ መልእክት ላክሁላት።

ለሐኪሟም ይህንኑ ነገርኳት። «ደወሉን የሚያጠፋው ማን ነው?» አለችኝ። «እኔ ነኛ።» «ታዲያ የሚማረው ማን ነው?»

ማንም አልነገረኝም ነበር። ገና ሲጀመር ብዙ ልጆች በድምፁ አይነሱም። የሚቀሰቅሳቸው ወላጅ ነው፤ ደወሉ ወላጁን ይቀሰቅሳል፣ ወላጁ ልጁን። ልጁ ግን ነቅቶ በራሱ እጅ ያጠፋዋል። ለውጥ መኖሩ የሚታየው ወደ 4 ሳምንት አካባቢ ነው፤ ሙሉው ጉዞ 2 ወይም 3 ወር፣ አንዳንዴም 4 ሊሆን ይችላል። በትክክል ከተያዘ ከሦስት ልጅ ሁለቱን ያህል ይረዳል። እኔ 11 ሌሊት ሞክሬ ፈረድኩበት። ደግሞ አቡሽን ትፈልጋለህ ወይ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። ዝም ብዬ ሽቦውን አሰርኩበት እንጂ።

በዚህኛው ዙር ጠየቅሁት። ሁለት ቀን አሰበና «ከጥምቀት በኋላ» አለኝ። ቀኑን እሱ ነው የመረጠው።

ዝግጅቱ ላይ አንድ ሳምንት አጠፋን፤ ያዋጣንም እሱ ነው። ትንሿ ወደ እኛ አልጋ ተዛወረች፣ እኔ ፍራሽ ይዤ እሱ ክፍል ገባሁ። አልጋውን በድርብ አነጠፍኩት፦ ላስቲክ፣ አንሶላ፣ እንደገና ላስቲክ፣ እንደገና አንሶላ። ሌሊት የላይኛውን ሁለቱን ገፈፍ ነው፤ ከታች ደረቅ ይጠብቃችኋል። የእኛ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ባልዲ ሞልቼ ሽንት ቤት አስቀምጣለሁ። ራስጌው የእጅ ባትሪ፣ ንጹህ ፓንትና ቁምጣ። በየማታው ከመተኛቱ በፊት ድራማ እንሠራለን። ተኝቶ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኔ በረጠበ ጣት መቆንጠጫዋን እነካለሁ፤ ይጮሃል፤ ብድግ ይላል፣ ያጠፋል፣ በእግሩ ሽንት ቤት ሄዶ የቀረችውን ይሸናል፣ ልብስ ይቀይራል፣ መቆንጠጫዋን መልሶ ያስራል። በየማታው ሦስት ጊዜ። ሰውነቱ በጨለማም መንገዱን እንዲያውቀው ነው።

ነቅቷል ወይስ ተኝቶ ነው የሚሄደው? ይህን ለማወቅ ማታ ማታ አንድ ምስጢር ቃል እንስማማለን። ሌሊት ሲነሳ «ቃሉ?» እለዋለሁ። እሱ ሁሌም የኳስ ተጫዋች ነው የሚመርጠው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ቆሞ፣ ዓይኑን ገልጦ፣ «እንቁላል ጥብስ» ይለኛል። ተኝቷል ማለት ነው። ፊቱን በቀዝቃዛ ውሃ እዳብሰዋለሁ፣ እንደገና እጠይቃለሁ። «...ሳላህ» እስኪል ድረስ ሽንት ቤት አንገባም።

ያ ሁለት ሳምንት ከበደኝ፤ አልዋሻችሁም። ቢሮ ስብሰባ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ። አንድ ሌሊት ሁለቴ ሲጮህ ባለቤቴ «ኤጭ!» ብሎ በሩን ወረወረው፤ አቡሽ ከዚያ በኋላ ለአንድ ሰዓት አልተኛም። ከዚያ ተራ አወጣን። ከሰኞ እስከ ሐሙስ እኔ፣ የቀረውን እሱ። ሕፃን አራስ ቤት ካለ፣ ሠርግ ከተደገሰ ወይም ቤት እየቀየራችሁ ከሆነ ይቅር፤ በኋላ ጀምሩ። ጀምሮ ማቋረጥ ልጁን «አልቻልኩም» ያሰኘዋል። የእኔ ልጅ ከገና በፊት ያለው ይህንኑ ነው።

አንድ ደብተር ነበረችን። ስንት ሰዓት ጮኸ፣ ማን ቀሰቀሰው፣ የረጠበው ምን ያህላል። መለኪያውን የፈጠረው አቡሽ ነው። እንጀራ፣ ሰሃን፣ ሲኒ። መጀመሪያ ሁሉም እንጀራ ነበር። ይህቺ ደብተር ባትኖር ኖሮ ሁለተኛም ተስፋ ቆርጬ ነበር። ምክንያቱም ለውጡ «ሸና፣ አልሸናም» ብላችሁ ከቆጠራችሁ ለረጅም ጊዜ አይታይም። የሚሸናበት ሰዓት ወደ ንጋት ሲገፋ፣ ሁለቴው አንዴ ሲሆን፣ እንጀራው ሰሃን ሲሆን ነው ነገሩ እየሠራ ያለው።

17ኛው ሌሊት ድምፁ ሳይሆን ዝምታው ቀሰቀሰኝ። የሆነ ነገር ጮሆ ያቆመ መሰለኝ። ቀና ስል አቡሽ ጨለማው ውስጥ ቆሟል፣ ሽቦውን በእጁ ይዟል። ራሱ ተነስቶ ራሱ አጥፍቶታል። ቃሉን ሳልጠይቀው ነገረኝ። ከዚያ «እማዬ፣ ሰሃን ነው» አለ።

በ5ኛው ሳምንት ሲኒዎች መጡ። በ6ኛው አንድ ሌሊት ደወሉ ሳይጮህ ተነስቶ ሸንቶ ተመለሰ። በ7ኛው ጉንፋን ያዘውና ሦስት ሌሊት በተከታታይ እንጀራ! ሆዴ ቡጭ አለ፤ ግን ጉንፋኑ ሲለቀው ተመለሰ። የሚገርመው፣ እየቆየ ሲሄድ ብዙውን ሌሊት መነሳቱንም ተወው። ፊኛው ይዞ ማደር ጀመረ። ለካ ልጁ የሚማረው መንቃትን ብቻ አይደለም።

መሀል ላይ አንድ ሌላ ጥፋት ሠራን። አባቱ ደስ ብሎት «አንድ ሳምንት ሳትሸና ካደርክ ብስክሌት!» አለው። 6 ሌሊት አደረ። በ7ኛው ሸና። እንደዚያ ቀን አልቅሶ አያውቅም። ሐኪሟ ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ተኝቶ ባደረገው ነገር ልጅ አይሸለምም፣ አይቀጣምም። ከዚያ ሽልማቱን በሚችለው ነገር አደረግነው፦ ደወሉን ራሱ ካጠፋ፣ እርጥቡን አንሶላ ቅርጫት ውስጥ ከከተተ፣ ቀን ኮዳውን ከጨረሰ አንድ ኮከብ። ብስክሌቱንም ገዛንለት፤ ቃል ቃል ነው። ለትንሿም ሕግ ወጣ፤ በወንድሟ የቀለደች ካርቱን የለም።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። ሰፊ ፓንት አይሆንም፤ ገላ ላይ የሚጣበቅ ይሁን፣ ካልሆነ ሽንቱ መቆንጠጫዋን ሳይነካ ፍራሹ ይሞላል። ወፍራም ብርድ ልብስ ካላበው ደግሞ ላቡ ብቻ ያስጮኸዋል፤ ሁለት ሌሊት በከንቱ ተነስተናል። ጠዋት መቆንጠጫዋን በንጹህ ውሃ አለቅልቆ ማድረቅ ነው፤ ሽንት ይበላታል። ትርፍ ድንጋይ ከቤት አይጥፋ።

መጋቢት ሲያልቅ 14 ሌሊት በተከታታይ ሳይሸና አደረ። ደወሉን በዕልልታ መሳቢያ ውስጥ ከተትነው። ለፋሲካ ደብረ ብርሃን ሄድን። ብርዱ አለ፣ እራት አምሽተን በላን፣ ለስላሳው እንደ ውሃ ተጠጣ። በሦስተኛው ሌሊት አቡሽ ከአጎቱ ልጆች መሀል ተኝቶ ሸና። ሳይነጋ አማቴ ናቸው የደረሱበት። እኔ ስነሳ አንሶላው ታጥቦ ገመድ ላይ ነው፤ ልጆቹ አልነቁም፤ አቡሽ ምድጃው ሥር የአያቱን ጋቢ ለብሶ ዳቦ ይበላል። «ምን አሉህ?» አልኩት በኋላ። «አባትህ ከዚህ ይብስ ነበር አሉኝ» አለ። ያን ቀን ከአማቴ ጋር ስለ እሳቱ ነገር ታረቅን፤ እሳቸው መጣላታችንን ባያውቁም።

አዲስ አበባ ስንመለስ በዚያው ሳምንት ሁለት ጊዜ ሸና። አሁን ግን አልደነገጥኩም። ከጨረሱ በኋላ መመለስ የተለመደ ነው፣ መድኃኒቱም ደወሉን ማሰር ነው ተብያለሁ። አሰርነው። እንደገና 14 ሌሊት ሲሞላ ግን ወዲያው አላነሳነውም። በሐኪሟ ምክር፣ ደወሉ እንደታሰረ፣ ከመኝታ በፊት ውሃ መጠጣት ጀመረ። መጀመሪያ ግማሽ ብርጭቆ፣ ቀስ በቀስ ጨመር እየተደረገ። ፊኛው እየተፈተነ መያዝ እንዲለምድ ነው። ሁለቴ ጮኸ፤ ሁለቱም ሲኒ። ከዚያ ዝም አለ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ አነሳነው።

መድኃኒትስ? ብላችሁ ለምትጠይቁ፣ ዴስሞፕሬሲን የሚባል አለ። ሌሊት የሚመረተውን ሽንት ይቀንሳል፤ ቶሎ ይሠራል፣ ሲቆም ግን ብዙ ጊዜ ሽንቱ ይመለሳል። ለጉዞ ወይም ደወሉን ለማይችል ቤተሰብ ይረዳል። ከሐኪም ውጪ አትስጡ፤ ተወስዶ ብዙ ውሃ ከተጠጣበት አደገኛ ነው። እኛ አልወሰድንም። የወሰደ ልጅ ደግሞ ምንም አላጠፋም።

ባለፈው ወር ያቺ ግድግዳ የደበደበችው ጎረቤቴ በሬን አንኳኳች። ቡና አጣጥታኝ፣ ስለ ሊፍቱ አውርታ፣ ሊሄዱ ሲሉ በር ላይ እንደሚደረገው ቆም አለች። «ያ ድሮ ሌሊት ሌሊት ይጮህ የነበረው ነገር... ስልክ አልነበረም አይደል?» አለችኝ ወለሉን እያየች። ልጇ 7 ዓመቷ ነው። «ነገ እነግርሻለሁ» አልኳት። ምስጢሩ የእኔ አልነበረማ።

ማታ አቡሽን ጠየቅሁት። የቤት ሥራውን እየሠራ ነበር። እርሳሱን አስቀምጦ ትንሽ አሰበ።

«ስጫት» አለ። «አንሶላውን ድርብ ታንጥፍ በያት። ድንጋዩን ግን ቀይሪው፣ ደክሟል።»